አዲሱን አይፓድ ልግዛልሽ? የአንዲት የፊደል መምህርት ጉዳይ

እትዬ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ክፍል መምህርት ናቸው። ማስተማሩን ግን አልተዉትም። አዲስ አበባ ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ አይፓድ ላይ በእስክሪብቶ እየጻፉ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለሚያድጉ የሐበሻ ልጆች ፊደል ያስቆጥራሉ። ትምህርቱ ቅዳሜና እሁድ ነው። እዚያ ጧት 4 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። እነሱ ሰዓታቸውን ወደፊት ሲያደርጉ ደግሞ 11 ሰዓት ይሆናል።

ነገሩ የተጀመረው በኮሮና ጊዜ ነው። በ2012 ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጅ ልጆቻቸው ቤት ዋሉ። አያት ደግሞ "በሉ ኑ፣ ሀ ሁ እንቁጠር" አሉ። የልጅ ልጆቹ ጓደኞቻቸውን ይዘው መጡ፤ ጓደኞቹም ታናናሾቻቸውን። አሁን ወላጆች በየወሩ የሚከፍሉበት ሥራ ሆኗል። ከጡረታ አበላቸው የበለጠ ገቢ የሚያገኙት ከዚህ ነው። ስለዚህ አይፓዱ ለእሳቸው መዝናኛ አይደለም። ጥቁር ሰሌዳቸው ነው።

ዘንድሮ በጥቅምት ልጃቸው ከሜሪላንድ ደወለ። "እማዬ፣ አይፓድሽ አርጅቷል። አዲሱን ልግዛልሽና ሰው ይዞልሽ ይምጣ" አላቸው። እሳቸው መልስ ሳይሰጡ እኔን ጠሩኝ። እኔ የሰፈር ልጅ ነኝ፤ ስልክም ኮምፒውተርም ሲያስቸግራቸው የሚጠሩት እኔን ነው።

"አንተ ታውቃለህ" አሉኝ። "ልጁ ዝም ብሎ ገንዘቡን እንዳይበትን። ይሄኛውን እጄ ለምዶታል። ግን አንዳንዴ ልጆቹ ፊት ያሳፍረኛል።"

ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው ይሄ ጥያቄ በየቤቱ ስላለ ነው። ውጭ ያለው ዘመድ አዲስ ሞዴል እንደወጣ ይሰማል፤ እዚህ ያለው ደግሞ እሺ ይላል። በመሀል አሮጌው ምን እንዳቃተው የሚጠይቅ የለም። እኔ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው ባይ ነኝ።

በእጅ ያለውና የታሰበው

በእጃቸው ያለው ስድስተኛው ትውልድ አይፓድ ነው። አፕል ያወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ ነው። ስክሪኑ 9.7 ኢንች፣ ፕሮሰሰሩ ኤ10፣ ራሙ (አፖችን ክፍት አድርጎ የሚይዘው ጊዜያዊ ማከማቻ) 2 ጊጋባይት። የእሳቸው 32 ጊጋባይት ስቶሬጅ ያለውና ሲም ካርድ የሚወስደው ነው። ከአፕል ርካሽ አይፓዶች ውስጥ አፕል ፔንስል የሚባለው እስክሪብቶ እንዲሠራበት የተደረገው የመጀመሪያው ይሄ ሞዴል ነበር። ፔንስላቸውም የመጀመሪያው ትውልድ ነው፤ የኋላ ክዳኑ ተነቅሎ አይፓዱ ላይ ተሰክቶ ቻርጅ የሚደረገው።

ልጃቸው ያሰበው በ2025 እ.ኤ.አ. መጋቢት የወጣውን ነው። ኤ16 ፕሮሰሰር፣ 128 ጊጋባይት ስቶሬጅ፣ 11 ኢንች ተብሎ የሚሸጥ ስክሪን፣ ቻርጅ ማድረጊያው ዩኤስቢ ሲ። የአሜሪካ ዋጋው 349 ዶላር።

የእትዬን ቅሬታ አንድ በአንድ ጻፍኩት። ትምህርት መሀል ይቆራረጣል። ባትሪው ቶሎ ያልቃል። "ቦታ የለም" እያለ ይጮህባቸዋል። ፊታቸው ለልጆቹ ደብዝዞና በጎን ይታያል። እስክሪብቶው አንዳንዴ ይዘላል። ከዙም ወጥተው ሥዕል ሊያሳዩ ሲሉ ደግሞ ሁሉም ነገር እንደገና ይጀምራል።

ይሄን ሁሉ የሰማ ሰው "ይቀየር" ቢል አይፈረድበትም። ልጃቸውም ያለው ይሄንኑ ነው።

መቆራረጡ ከየት ነው?

በዚህ ጀመርኩ፤ ትልቁ ቅሬታ እሱ ስለሆነ። እትዬ አይፓዱ "ስሎ ሆኗል" ብለው አምነዋል። አንድ ወላጅም "መሣሪያውን ይቀይሩት" ብሏቸዋል።

መጀመሪያ ዙምን ዘግተን የአይፓዱ ማስታወሻ መጻፊያ በሆነው ኖትስ ላይ ብቻ እንዲጽፉ ጠየቅኳቸው። ጠ ጻፉ። ከዚያ ጠን ጨ አደረጓት። መስመሩ ከፔንስሉ ጫፍ ጋር እኩል ይሄዳል፤ ምንም መዘግየት የለውም። ቀጥሎ ዙም ከፍተው ስክሪናቸውን ሼር አደረጉ። እኔ ስልኬን ይዤ፣ ዋይፋዩን አጥፍቼ፣ በራሴ ዳታ ከሌላ ክፍል ገባሁ።

በእሳቸው ስክሪን ላይ ጨ በአንድ ትንፋሽ ተጽፋ አለቀች። በእኔ ስልክ ላይ መጀመሪያ ባዶ ነጭ ገጽ ቆየ። ከዚያ የጠ ግማሽ መጣ። ከዚያ ምንም። ከዚያ ድንገት ሙሉዋ ጨ ብቅ አለች። የመጀመሪያውን ጭረት ከየት እንደጀመሩ፣ ያቺ መለያዋ መቼ እንደተጨመረች አልታየኝም። ፊደል ለሚማር ልጅ ደግሞ ዋናው እሱ ነው። ያለቀውን ፊደል መጽሐፍ ላይም ያገኘዋል፤ ከመምህርቷ የሚፈልገው እጇ እንዴት እንደሚሄድ ማየት ነው። ጸንና ጰን፣ ደንና ጀን ከሚያምታቱት ልጆች አብዛኞቹ አጻጻፉን ከመጀመሪያው ሳያዩ የቀሩ ናቸው ይላሉ እትዬ። ለብዙ ዓመታት አንደኛ ክፍል ያስተማረ ሰው ሲናገር አምናለሁ።

ስለዚህ አይፓዱ ጨርሶ ልኳል፤ የዘገየው መንገዱ ነው። ቀጥሎ የቤቱን ዋይፋይ ትተው በሲም ካርዱ ዳታ እንዲልኩ አደረግን። ወዲያው ተሻሻለ። ወደ ዋይፋይ ተመለስን፤ አሁን ግን አይፓዱን ይዘን ራውተሩ ያለበት ክፍል ገባን። እዚያም ደህና ነው። ሳሎንና ራውተሩ መካከል ሁለት ወፍራም ግድግዳ አለ። በዚያ ላይ ምሽት 12 ሰዓት ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ዩቲዩብ ይጫወታል፣ ልጆቹ በየስልካቸው ቪዲዮ ያያሉ።

ብዙ ሰው ኢንተርኔቱን የሚለካው ቪዲዮ ሲያይ በሚመጣለት ፍጥነት ነው። የሚያስተምር ሰው ግን የሚቸገረው በመላኩ በኩል ነው። የመጫኛው ፍጥነት ብዙ ጊዜ ከማውረጃው ያነሰ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠበው እሱ ነው። አዲሱ አይፓድ መጥቶ እዚያው ሳሎን ቢቀመጥ ኖሮ ልጆቹ ያችኑ ግማሽ ጠ ነበር የሚያዩት።

የማስተማሪያ ጠረጴዛው ራውተሩ ወዳለበት ክፍል ተዛወረ። በትምህርት ሰዓት ዩቲዩብ ክልክል ሆነ። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ስለሚጠፋ የአይፓዱ ሲም ካርድ ሁልጊዜ ዳታ ይኖረዋል።

ባትሪው

ባትሪው በእርግጥ አርጅቷል። የአይፓዳቸው ሴቲንግ የባትሪውን ጤንነት አያሳይም። ማክ ኮምፒውተር ላይ በሚጫን ኮኮናት ባትሪ በሚባል ፕሮግራም ግን ማየት ይቻላል። አየነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው አቅም 71 ከመቶ ቀርቶታል፤ የቻርጅ ዑደቱ ከ1000 አልፏል። አፕል ለአይፓድ የሚሰጠው መመዘኛ ከ1000 ዑደት በኋላ 80 ከመቶ ነው። ስለዚህ ያለቀበት ባይሆንም መዳከሙ አያጠራጥርም።

ግን 71 ከመቶ የቀረው ባትሪ አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አያዘልቅም ማለት አይዋጥም። "በምንድነው ቻርጅ የሚያደርጉት?" ብዬ ጠየቅኩ። አመጡልኝ። ትንሽ ነጭ የስልክ ቻርጀር ናት። ጀርባዋ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ 5 ቮልት፣ 1 አምፔር ይላል። ይሄ 5 ዋት ማለት ነው። አይፓዱ ሲሸጥ አብሮት የነበረው ባለ 10 ዋት ነው። እሱ መብራት ሲመጣና ሲሄድ ተቃጥሏል፤ ከዚያ ወዲህ ከሱቅ የተገዛችው ይቺ ናት። ሶኬት ላይ ተሰክቶ፣ ዙም ተከፍቶ፣ ስክሪኑ በሙሉ ብርሃን እየበራ፣ ባትሪው ግን ይወርዳል። ቻርጀሯ የምታስገባው አይፓዱ የሚያወጣውን ያህል አይደለም።

ባለ 12 ዋት ቻርጀር ተገዛ። ማንም ሱቅ ቢሆን ጀርባውን ሳያነቡ መግዛት የለም፤ 5 ቮልትና ቢያንስ 2.1 አምፔር ማለት አለበት።

ቀጥሎ ፓወር ባንክ። ሒሳቡ እንዲህ ነው። የአይፓዱ ባትሪ አዲስ ሲሆን 32.4 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ አሁን በ71 ከመቶ 23 ገደማ። ባለ 10,000 ሚሊአምፔር ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት አለው ይባላል፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ 25 ገደማ ይደርሳል ብዬ ነው የያዝኩት። ማለትም አንዱ ፓወር ባንክ የደከመውን ባትሪ አንዴ ሙሉ ይሞላዋል። መብራት ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ቢውል እንኳ የምሽቱ ትምህርት አይታጎልም።

ባትሪውን ማስቀየርስ? አሰብንበት፤ ግን ተውነው። አይፓድ ውስጥ ባትሪው በማጣበቂያ ነው የተያዘው። እሱ ጋ ለመድረስ መስታወቱ በሙቀት ተላቆ መነሳት አለበት። መስታወቱ ከተሰነጠቀና ርካሽ መተኪያ ከተደረገለት ጣት ይሠራል፤ ፔንስሉ ግን መስመሩን የሚያጣምምበት ጊዜ አለ። ቀጥ ያለ ጭረት ሲስሉ እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣል። ለፊልም ማያ ከሆነ ምንም አይደል። ለፊደል መጻፊያ ከሆነ ግን ዕቃው ሞተ ማለት ነው። በደንብ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ቢሆንም የሚሠራ መጻፊያ ይዞ ይሄን አደጋ መጋፈጥ አያስፈልግም አልኩ።

ቀላሎቹ

ስቶሬጁ በአንድ ምሽት ተፈታ። ከ32 ጊጋባይቱ ብዙውን የበላው ቴሌግራም ነበር፤ ከየግሩፑ ራሱን እያወረደ ያጠራቀመው ቪዲዮ። ካሹ ተጠረገ፣ በራሱ ማውረዱ ተዘጋ፣ አለቀ።

የፔንስሉ መዝለል ከጫፉ ነው። ነጩ ፕላስቲክ አልቆ ከሥሩ ብረቱ መታየት ጀምሯል። እንዲያውም ስክሪኑን ሳይቧጭረው መድረሳችን እድል ነው። የፔንስሉ ሳጥን ኮመዲኖ ውስጥ ሳይነካ ተቀምጧል። ስንከፍተው አንድ መለዋወጫ ጫፍ አለ። የድሮው ተፈታ፣ አዲሱ ጠበቅ ተደረገ። እዚያው ሳጥን ውስጥ አንዲት ትንሽ መገጣጠሚያም ተገኘች፤ ፔንስሉን ከተራ የአይፓድ ኬብል ጋር የምታገናኝ። እሷ ካለች አይፓዱም ፔንስሉም በአንድ ጊዜ ቻርጅ ይሆናሉ። እትዬ እስከዛሬ ወይ አንዱን ወይ ሌላውን እያሉ ነበር የሚሰቃዩት።

ካሜራውና ራሙ

እዚህ ላይ አዲሱ በእርግጥ ይበልጣል። የአሮጌው የፊት ካሜራ 1.2 ሜጋፒክስል ነው፤ የሚገኘውም በአጭሩ ጠርዝ ላይ ነው። ለመጻፍ አይፓዱን ሲያጋድሙት ካሜራው ወደ ጎን ይሆናል። ለዚህ ነው ልጆቹ የእትዬን ጆሮና ነጠላ የሚያዩት። አዲሱ ላይ ካሜራው 12 ሜጋፒክስል ሆኖ በረጅሙ ጠርዝ መሀል ላይ ነው፤ ሰውየው ሲንቀሳቀስም ይከተለዋል።

ግን እትዬ ስልክ አላቸው። ስልኩን ማቆሚያ ላይ አድርገን በእሱ ዙም ገቡ፤ ድምፅና ፊት ከስልኩ ይሄዳል። አይፓዱ እንደ ሁለተኛ ተሳታፊ ድምፁ ተዘግቶ ይገባና ጽሑፉን ብቻ ያሳያል። የአይፓዱ ድምፅ ካልተዘጋ ማስተጋባቱ ጆሮ ይበጥሳል፤ ስለዚህ ሲገባ "ያለ ድምፅ" የሚለውን መምረጥ ነው። ዳታ ትንሽ ይጨምራል። ፊታቸው ግን አሁን ፊት ለፊት ነው፤ ያውም የስልኩ ካሜራ ከአይፓዱ በጣም የተሻለ ነው። ሌላም ጥቅም አመጣ። ቀደም ሲል ከዙም ወጥተው ኖትስ ሲከፍቱ ምስላቸው ከልጆቹ ይጠፋ ነበር። አሁን አይጠፋም።

ራሙ ግን በዘዴ ሙሉ በሙሉ የሚታለፍ ችግር አይደለም። 2 ጊጋባይት ለዛሬው አፕ ትንሽ ነው። ዙም ስክሪን እያስተላለፈ እትዬ ከኖትስ ወደ ፎቶ፣ ከፎቶ ወደ መጽሐፉ ፋይል ሲሄዱ፣ አይፓዱ ከኋላ ያለውን ይዘጋዋል። ሲመለሱ እንደገና ይከፈታል፤ አንዳንዴም ዙሙ ራሱ ይወድቃል። ይሄ የኔትወርክም የቻርጀርም ጉዳይ አይደለም። ዕድሜ ነው። አዲሱ 6 ጊጋባይት ስላለው ይሄን ይፈታል።

ዘዴ አለው። አርብ ማታ ለቅዳሜው የሚያስፈልገውን ሥዕል ሁሉ አንድ የኖትስ ገጽ ላይ ማስገባት፤ ለ"ለ" ላም፣ ለ"ደ" ዶሮ፣ ሁሉንም በተራ። በትምህርት ሰዓት ከዚያ ገጽ አለመውጣት። ይሠራል። ግን የአንድን አዛውንት የአርብ ማታ ይበላል። "ልጆቹ ፊት መደናበር ደስ አይለኝም" ያሉኝ ይሄን ነው። እኔ ለቴክኖሎጂ ጉድለት ሰውየው ይልመደው ከሚሉት አይደለሁም። ሌላው ቅሬታ ሁሉ ተፈትቶ ይሄ ብቻ ሲቀር፣ እውነት ለመናገር፣ ይገዛ ለማለት በጣም ተቃርቤ ነበር። ያቆመኝ የሚቀጥለው ነው።

349 ዶላሩ ሲዘረዘር

ዋጋው 349 ቢሆንም የሜሪላንድ 6 ከመቶ የሽያጭ ታክስ ሲጨመር 370 ይጠጋል። ይሄ ግን ሲም ካርድ የሌለው ነው። መብራት ሲጠፋ እትዬን የሚያድናቸው ሲሙ መሆኑን አስታውሱ። ሲም ያለው 499 ዶላር ነው፤ ከታክሱ ጋር 529። እሱም ላይ ቢሆን ካርድ የሚገባበት ቀዳዳ የለም፤ በኢሲም፣ ማለትም መሣሪያው ውስጥ አብሮ በተሠራ ሲም ብቻ ነው የሚሠራው። ኢሲም በእኛም አገር አለ። ሆኖም ካርዱን ከስልክ አውጥቶ እዚያ መክተት፣ ሲያስፈልግ መልሶ ማውጣት የሚባለው የለመድነው ነገር ይቀራል። በስልክ ሆትስፖት መተካት ይቻላል፤ ግን ስልኩ አሁን ካሜራ ሆኗል፣ የእሱም ባትሪ ሌላ ጭንቀት ነው።

ፔንስሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለአዲሱ አይፓድ ሻጮች የሚያቀርቡት 79 ዶላር የሆነውን ባለ ዩኤስቢ ሲ ፔንስል ነው። እሱ የእጅን ግፊት አይለይም። እትዬ ደግሞ ሲጽፉ ያጠብቃሉ፣ ያላላሉ፤ የቁም ጽሕፈታቸው ወፍራምና ቀጭን ያለው ነው። በዚያ ፔንስል ቢጽፉ ፊደሉ ሁሉ አንድ ውፍረት ይሆናል። የሚገርመው፣ ያለቻቸው የድሮዋ ፔንስል አዲሱ ላይ ትሠራለች፤ ግፊትም ትለያለች። የሚያስፈልጋት የ9 ዶላር መገጣጠሚያ ብቻ ነው። ልጃቸው 79 ዶላሩን ሒሳብ ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ እሱን አስወጣነው።

ለመጻፍ የሚመቸው ስክሪኑ ነው ወይ? ይሄን በደንብ አየሁት። ሁለቱም በኢንች 264 ነጥብ ናቸው። ሁለቱም ላይ በመስታወቱና በምስሉ መካከል ያቺ ቀጭን ክፍተት አለች፤ ጫፉ ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚታይበት። አዲሱ ይሰፋል እንጂ ለእጅ የሚሰማው ያው ነው። የእጅ ጽሑፍን ወደ ኅትመት ፊደል የሚቀይረው አገልግሎትም አማርኛ አያውቅም፤ አሮጌው ላይም አዲሱ ላይም። ስለዚህ በዋናው ሥራ፣ በጽሕፈቱ፣ የሚጨምርላቸው ነገር ጥቂት ነው።

ገንዘቡን ልጁ በዶላር ነው የሚከፍለው፤ ለእሱ ብዙ የተለወጠ ነገር የለም። ለእሳቸው ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ባንኩ ዶላርን በ57 ብር ገደማ ይመነዝር ነበር፤ በዚያ 370 ዶላር 21 ሺህ ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ በ140 ብር እንኳ ቢሰላ 52 ሺህ ይጠጋል። ዕቃው ቢወድቅ ወይም ቢሰረቅ መተኪያው የሚታሰበው በዚህ ነው።

ሌሎቹን አማራጮች በአጭሩ ልለፋቸው። አይፓድ ኤር በዚያው ጊዜ 599 ዶላር ነበር፤ ክፍተት የሌለው ስክሪን አለው፣ ለጽሕፈት ይበልጣል። ግን የድሮዋን ፔንስል አይቀበልም፤ አዲሱ ፔንስል ሌላ 129 ዶላር። በዛ። የሳምሰንግ ታብ ኤስ6 ላይት እስክሪብቶው አብሮ ይመጣል፣ ቻርጅም አይፈልግም፤ ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ደስ ይላል። የእትዬ ትምህርት በሙሉ ግን አይፓድ ኖትስ ውስጥ ነው።

ያገለገለ ዘጠነኛ ትውልድ አይፓድ ደግሞ ጥሩ አማራጭ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ያንኑ ቻርጀርና ያችኑ ፔንስል የሚወስድ፣ ካሜራውም 12 ሜጋፒክስል። አንድ ሱቅ ውስጥ አየነው። ባለሱቁ ንጹሕ ነው አለ። "እዚሁ ፊቴ ላይ ሙሉ በሙሉ አጥፋውና እንደገና አስነሳው" አልኩት። አጠፋው። ሲነሳ የሩቅ አስተዳደር የሚል ገጽ መጣ፤ የአንድ የውጭ ተቋም ንብረት ሆኖ የተመዘገበ ነው ማለት ነው። ተቋሙ ካልለቀቀው በስተቀር በወጉ የራስ አይሆንም። በሌላ ሰው አይክላውድ (የአፕል አካውንት) የተቆለፈውም እንደዚሁ ነው። ያገለገለ አይፓድ የሚገዛ ሰው ይሄን ሳያስደርግ ብር መክፈል የለበትም።

እስከ መቼ?

የቀረው የሶፍትዌሩ ዕድሜ ነው። ይሄ አይፓድ በአይፓድ ኦኤስ 17 ቆሟል። በ2024 መስከረም እ.ኤ.አ. 18ኛው ሲመጣ አልወሰደውም። ሆኖም የደኅንነት ማስተካከያ አልቀረበትም፤ በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. 17.7.10 መጥቶለታል። ቆሟል እንጂ አልተጣለም። አደጋው ያለው በዙም በኩል ነው። ዙም በየጊዜው ዝቅተኛ ስሪት ይወስናል፤ ከዚያ በታች ያለ ስብሰባ አይገባም። አንድ ቀን አዲሱ ዙም 17ን አልቀበልም ያለ ዕለት ሥራው ይቆማል።

ስለዚህ ለእትዬም ለልጃቸውም የሰጠሁት ምክር "አትግዙ" አይደለም። "አሁን አይደለም፤ ከእነዚህ አንዱ ሲደርስ ግዙ" ነው። ዙም በዚህ አይፓድ ላይ አልሠራም ሲል። ወይም በትክክለኛው ቻርጀር ሙሉ ሆኖ የገባ ባትሪ አንድ ክፍለ ጊዜ ሳይጨርስ ሲሞት። ወይም የአርቡ ዝግጅት ተደርጎም ዙም ልጆቹ ፊት መውደቁን ከቀጠለ። ያኔ የሚገዛው ያው ርካሹ አይፓድ ነው፤ ከ9 ዶላሩ መገጣጠሚያ ጋር፣ ያለ አዲስ ፔንስል። ሲም ያለው ይሁን ወይስ የሌለው የሚለውን በዚያን ጊዜ የመብራቱን ሁኔታ አይተው ይወስናሉ።

ልጃቸው መጀመሪያ ቅር አለው። "እኔ እኮ ስጦታ ነው ያልኩት" አለኝ በስልክ። እውነቱን ነው፤ ለእናቱ ነው። እናቱ ግን ያሰቡት ሌላ ነው፦ አዲሱን አሁን ቢቀበሉና በሁለተኛው ዓመት ቢሰበር፣ ሌላ ግዛልኝ ለማለት አፍ አይኖራቸውም። ይሄን ሲነግሩት ገባው።

ከገና ወዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። መቆራረጡ መብራት በሚጠፋበት ምሽት ካልሆነ የለም። አንዷ እናት "አሁን ልጄ እጅዎን እያየ ይጽፋል" ብላ ለእትዬ ድምፅ ልካላቸዋለች። ፓወር ባንኩ ላይ ሲሰካ አይፓዱ ይሞቃል፤ ሽፋኑን ሲያወልቁት ይሻላል። ዙሙ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ ሁለቱንም ጊዜ አርብ ማታ ለቅሶ ቤት ውለው ገጹን ሳያዘጋጁ በቀሩበት ቅዳሜ ነው። ከሦስቱ ምልክቶች እስካሁን አንዱም አልደረሰም። ልጃቸው ለፋሲካ ሲመጣ እንዲይዝ የታዘዘው 19 ዶላር የሚሸጠውን፣ አራት የፔንስል ጫፍ ያለበትን ፓኬት ነው።